የአደራው ጎታ

አሶሳ፣ ሠፈራ ጣቢያ፣ አምባ ዘጠኝ
ታኅሣሥ 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ እናት ሆነው ላሳደጉኝ ለአክስቴ ልጅ ለእትዬ አሰገደች፤ አምባሰል።

የሰማይና የምድር ጌታ ውሎ አዳርዎን በሰላም ያድርግልኝ። እኔ ታናሽ ወንድምዎ ሙላትና ባለቤቴ ሙሉአለም መንገዱ ቢያንገላታንም በሕይወት ደርሰናል፤ ስሙ ይመስገን። ከሐይቅ በጭነት መኪና የተሳፈርን ዕለት እርስዎ ከኋላችን እያለቀሱ ሲሮጡ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። መመለስ የሚቻል ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እወርድ ነበር።

አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ማለዳም አይበርድ። ቀርከሃ እንደ ልብ ስለሆነ ሰው ሁሉ እሱን እየቆረጠ ጎጆ ይቀልሳል፤ እኛም ቀልሰናል። እርሻው የጋራ ነው። ፊሽካ ሲነፋ እንወጣለን፣ ፊሽካ ሲነፋ እንገባለን። የሚታደለን በቆሎ ነው። ሙሉአለም በቆሎው አልስማማ ብሏት ታማርራለች፤ ወሯም እየገፋ ስለሆነ እግሯ ያብጣል። በመጋቢት ትገላገላለች ብለን እንጠብቃለን። የልጁን ስም እርስዎ እንዲያወጡለት ትፈልጋለች፤ ከአሁኑ ያስቡበት ብላለች።

የኔ ሆድ ግን ያለው እዚያው ነው። ቤቱ እንዴት ሆነ? የጎታውን ነገር የሄድን ዕለት በሰው ፊት አደራ ብዬዎታለሁና ደግሜ አልጨቀጭቅዎትም። ምርጉ ቢሰነጠቅ በእበት ለቅለቅ ያድርጉት እንጂ አፉን አይክፈቱት። የጤፍ ዘር ስለሆነ ነፋስ ከገባው ይነቅዛል። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ተመልሼ በእጄ እዘራዋለሁ።

መልስዎን በጣቢያው ጽሕፈት ቤት በኩል ይላኩልኝ፤ ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
ሙላት


አምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ
የካቲት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄም ለወንድሜም ለሙላት።

እመቤታችን በያለህበት ጥላ ከለላ ትሁንህ። ከነሙሉአለም ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ የኑርዬ ሚስት ጎረቤታችን ዘይቱና ናት። መሠረተ ትምህርት ጨርሳ የምስክር ወረቀት ስለያዘች ከእንግዲህ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ፍለጋ ደጅ አልጠናም። አብዮታዊ ሰላምታ ብላ ልትጀምረው ነበር፣ እንደዚያ ነው ያስተማሩን ብላ። እኔ እመቤታችንን አስገቢልኝ አልኳት። እሷም ሳቀችና፣ መርየምን እኛም እንወዳታለን ብላ ጻፈችልህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሃምሳ ቀን ሊሞላው ሲል ነው። ያን ሁሉ ቀን መንገድ ላይ አልቀዋል የሚል ወሬ ስሰማ ከረምኩ። ዘይቱና ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ፤ አራተኛውን ሥራ አለብኝ ብላ ሄደች።

አደራ ካልከኝ ወዲህ የራሴን ቤት ዘግቼ ያንተ ቤት ውስጥ ነው የማድረው። ሰው የሰው ቤት መስበር ጀምሯል። ርቦት ነውና ሌባ ብዬ አልፈርድበትም፣ ግን ያንተን ዘር አሳልፌ አልሰጥም። መኝታዬን ጎታው ሥር አንጥፌያለሁ። ኑርዬ ነፋስ ከገባው ይነቅዛል ያልከውን ሲሰማ፣ ጤፍ ደግሞ መቼ ነቅዞ ያውቃል ብሎ ሳቀብህ። የኔ ልጅ ቆላ ገብቶ የማሽላው ነገር ተምታቶበት ነው ብዬ መለስኩለት።

ጥር አንድ ቀን ለእስጢፋኖስ ንግሥ ወደ ሐይቅ ወርጄ ነበር። ሴት አይገባምና ከውጭ ሆኜ ስለ እናንተ ተሳልኩ። ከተማው ዳር ድንኳን ተተክሎ ሕዝቡ እዚያ ተኮልኩሏል። አንዲት ነርስ ክንዴን ለካችና እዚሁ ቆዩ፣ ምግብ ይሰጥዎታል አለችኝ። የሙላትን ቤት ማን ይጠብቃል ብዬ በእግሬ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ የገበሬ ማኅበሩ እርዳታ የሚቀበሉትን ቤት ለቤት መዘገበ። ሊቀ መንበሩ አሻግሬ መጥቶ፣ እህል አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የኔ የለም፣ የሙላት ዘር ግን እዚህ ጎታ ውስጥ አለ፣ እሱም የሰው አደራ ነው አልኩት። እንግዲያ ይህ እህል ያለው ቤት ነው ብሎ ስሜን ዘለለው። ዘይቱና ማን ጠይቆሽ ነው የምትለፈልፊው ብላ ተቆጣችኝ። ጠይቆኝ ነዋ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ልጀምር? እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ ትቼዋለሁ፤ አንተም በዚህ እንዳታስብ።

ሙሉአለም ስትወልድ አጠገቧ ዘመድ እንደሌለ ሳስብ ሆዴ ይባባል። ስሙን እያሰብኩበት ነው በላት።

እህትህ
አሰገደች


አሶሳ፣ አምባ ዘጠኝ
መጋቢት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አሰገደች።

ቸሩ አምላክ በምሕረት ዓይኑ ይመልከትዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ እንደ ቃል ኪዳን ታቅፌው ሰነበትኩ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ስለሚበዛ ቶሎ መጻፍ አልቻልኩም።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ሲያነሱልኝ የተማሪነቴ ጊዜ ትዝ አለኝ። ሰባት ዓመት እዚያ ስማር፣ የኔታ ለእኛ የሚሰጡት ፊደልና ዳዊት እንጂ እህል አልነበራቸውም። አኩፋዳችንን አንጠልጥለን፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያልን በየመንደሩ እንዞራለን። የክርስቲያኑም የእስላሙም ቤት ቁራሽ ይሰጠናል። አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ከሰው ቤት ሳንደርስ ቀረን፤ ዛሬስ ጦማችንን ማደራችን ነው ስንል፣ የማናውቃቸው አንድ ሽማግሌ በአህያ ጭነው ወደ ገዳሙ የሚወስዱትን ዳቦ አራገፉልን። የኔታ ያን ዕለት፣ ነገ የሚበላውን ዛሬ አይቶ ማደር የሚፈልግ ሰው ወደ ነጋዴ ቤት ይሂድ፣ ከእግዚአብሔር ጋር የሚኖር ግን ሳያይ ይደር አሉን። እኔም ለእርስዎ የምለው ይህንኑ ነው።

ስለ መዝገቡ የጻፉትን አንብቤያለሁ። አይጨነቁ። እግዚአብሔር የሚመግበውን ሰው ስም ከአሻግሬ መዝገብ አይፈልግም። እስከ ዛሬ ያልጣለዎት ዛሬም አይጥልዎትም። እምነትዎን አጥብቀው ይያዙ።

ጎታውን ግን አደራዎን፣ እንደነገርኩዎ ነው። ለዘይቱናና ለኑርዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ወንድምዎ
ሙላት


አምባሰል
ሚያዝያ 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሙላት።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። ዘንድሮ ጾሙን እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ጾመው፤ ዘይቱና ይህን ስነግራት ሳቀችና ጻፈችው። ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ዲያቆኑ ከበሮውን ተቀምጦ ነው የመታው፣ መቆም አቅቶት።

ደብዳቤህ ብዙ አጽናናኝ። የዳቦውን ሽማግሌ ነገር በየቀኑ አስበዋለሁ። አንዳንድ ቀን ስጸልይ የሚሰማኝ አለ፤ ይታወቀኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቤቱ ጭር ይልብኝና ከግድግዳ ጋር የማወራ ይመስለኛል። ያን ጊዜ አንተ የጻፍከውን ለራሴ እደግመዋለሁ፤ እሱ የተማረ ነው፣ ሳያውቅ አይጽፍም እላለሁ።

ግን ልጄ፣ ሙሉአለምን ምነው ዝም አልካት? በኋለኛው ደብዳቤህ ስሟ የለም። ዘይቱናን እስቲ ደግመሽ ፈልጊልኝ አልኳት። ፈልጋ አጣችው። ወልዳ ከሆነ ንገረኝ፤ ታማም ከሆነ ንገረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዝናብ ጣለ። እንደ ድሮው ባይሆንም መሬቱን አርሶታል። ያልታረሰ ማሳ ለሌላ ይሰጣል ስለተባለ፣ ኑርዬ የቀረውን አንድ በሬ ከሰው በሬ ጋር አቀናጅቶ ያንተን ገመሰልህ። በሬው ገለባ ካየ ስንት ጊዜው ነው፤ ትልሙ መሀል እየቆመ ነው የጨረሰው። እንግዲህ ሐምሌ ሲገባ ጤፉ መዘራት አለበት። ስለዚህ ጎታውን እንድከፍት ፍቀድልኝ። ቄሱንና ኑርዬን ምስክር አቁሜ ነው የምከፍተው። ለዘር የሚሆነውን አውጥቼ መልሼ እመርገዋለሁ።

ሌላም አለ፤ ለመናገር አፍሬ ነው የቆየሁት። ከፈቀድክልኝ ለራሴ ጥቂት ብወስድስ? አዲሱ ሲደርስ እመልሳለሁ። ብዙ አይደለም፤ አጥሚት ብጤ ለማድረግ ያህል ነው። እምቢ ብትልም አልቀየምህም። ሳትፈቅድልኝ ግን አልነካውም።

እህትህ
አሰገደች


አሶሳ፣ አምባ ዘጠኝ
ግንቦት 27 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰገደች።

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። ይህችን ደብዳቤ ጀምሬ እየቀደድኩ፣ ጀምሬ እየቀደድኩ ነው የዘገየሁት።

ጎታውን አይክፈቱት። የአባቴን ልማድ ያውቃሉ፤ የዘር ጎታ የሚከፍተው ባለቤቱ ብቻ ነበር። እስከ ሐምሌ ብዙ ቀን አለ። እግዚአብሔር በሌላ በኩል በር ይከፍታል። እስራኤልን በምድረ በዳ የመገበ አምላክ እርስዎን አይረሳም። በርትተው ይጸልዩ፤ ለእኔም ይጸልዩልኝ።

ሁላችንም ደህና ነን።

ሙላት


አምባሰል
ሰኔ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሙላት።

አሰላሙ አለይኩም ልበልህ ወይስ እንደምን ከረምክ፣ የቱ እንደሚሻልህ አላውቅም። ይህን የምጽፈው እኔው ዘይቱና ነኝ። አሰገደች አላዘዘችኝም፤ መጻፌንም አታውቅም። የመጨረሻው ደብዳቤህ ትናንት ደረሰና አነበብኩላት። አይክፈቱት የሚለው ላይ ስደርስ ንባቤን አቋርጬ ተቆጣሁ። እሷ ግን፣ ካለ አለ ነው፣ ምክንያት ቢኖረው ነው ብላ ወረቀቱን ስማ ጎታው ላይ አስቀመጠችው።

እሷ የማትነግርህን እኔ ልንገርህ። አሰገደች ከአልጋዋ የምትነሳው ግድግዳ ይዛ ነው። እግሯ አብጧል። ማክሰኞ ዕለት ከምንጭ ስትመለስ መንገድ ላይ ወድቃ ኑርዬ ነው ተሸክሞ ያመጣት። የምትበላው እኔ ከቤቴ የማመጣላትን ነው። ከልጆቼ ራሽን ላይ ነው የምቆርሰው፤ ለአሏህ ብዬ ነውና ወላሂ አልቆጨኝም። ግን ስንዴው ለኛም የሚበቃ አይደለም፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ ሳመጣላት ጾም ነኝ ትለኛለች። ጾሙ የትኛው እንደሆነ ስጠይቃት ሁሌ አንድ ታገኛለች። የናንተ ጾም እንደዚህ ብዙ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኑርዬ በሸክምም ቢሆን ሐይቅ ድንኳኑ ጋ አደርስሻለሁ ብሎ ለመናት። ጎታውን ለማን ጥዬ አለችው። አሻግሬ ዘንድ ሄጄ መዝግቧት አልኩት፤ እህል ያለው ቤት አልመዘግብም፣ ነገ እኔው ነኝ የምጠየቅበት አለኝ። ተናድጄ ጎታውን በመጥረቢያ ልለው ተነሳሁ። ተንፏቃ መጥታ ፊቱ ተቀመጠች። አደራ ነው፣ ልጄ ሰው ፊት ነው የሰጠኝ አለችኝ። ምን ላድርጋት?

እንግዲህ ስለ አምላክህ ብለህ አንድ ቃል ጻፍ። ክፈቺው በል። ከሞተች ዘሩን ለማን ልትዘራው ነው? ደብዳቤህ ውስጥ ያለው የእግዚአብሔር ነገር ሁሉ ደስ ይላል፤ ስታነቢው ታምሪያለሽ እያለች ትመርቀኛለች። አንዲት የእህል ፍሬ ግን የለበትም።

ሙሉአለምን ያነሳሃት በአንዱ ደብዳቤ ብቻ ነው። አሰገደች መጠየቅ አቁማለች። እኔም ሴት ነኝ፣ የሆነው ይገባኛል። አሏህ ያጥናህ።

ዘይቱና


አሶሳ
ሐምሌ 25 ቀን 1977 ዓ.ም.

እህቴ ዘይቱና፤

ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤቱ በኩል አልላክሁትም። የጣቢያችን ጤና ረዳት ወደ ደሴ ለዕረፍት ስለሚሄድ በእጁ ነው የሰጠሁት። መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ከዚያ ለእትዬ አንብቢላት። አንድም ቃል አትዝለይላት።

እትዬ አሰገደች፤

ጎታው ባዶ ነው። ውስጡ ያለው ገለባ ነው። እህል የለበትም፤ እርስዎ የተረከቡት ዕለትም አልነበረበትም።

ዘሩን የበላነው አምና ክረምት ነው። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ጠፋ፤ ዛሬ ይጥላል፣ ነገ ይጥላል ስንል ሙሉአለም አረገዘች። አንድ ቀን ስመለስ ራብ ጥሏት ምድጃው አጠገብ ተኝታ አገኘኋት። ጎታውን በዚያ ዕለት ከፈትኩት። ለዛሬ ብቻ ብዬ ነበር። መስከረም ላይ ታቹን ጠረግነው። አባቴ በክፉ ቀን እንኳ ዘሩን አልበላም ነበር፤ እኔ በላሁት። ለሠፈራ ስመዘገብ፣ ሙላት ዘሩን በልቶ ጠፋ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ስለዚህ ሲነኩት እንዳይጮህ ገለባ ሞላሁበትና አፉን መረግሁት። እርስዎን ለማታለል አልነበረም። የሄድን ዕለት ግን ሰው ተሰብስቦ ቆሞ ሳለ፣ እርስዎ ይህን ዘር ማን ይጠብቅልሃል ብለው ጠየቁኝ። ሁሉም ይሰማል። አደራ እትዬ፣ እርስዎ ይጠብቁልኝ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የምለውን አላሰብኩትም።

ኑርዬ ጤፍ አይነቅዝም ብሎ የሳቀ ጊዜ አወቀብኝ ብዬ ነበር። አሻግሬ ስምዎን በኔ ጎታ ምክንያት እንደዘለለው ያነበብኩ ዕለት ደግሞ እውነቱን መጻፍ ነበረብኝ። ወረቀት አወጣሁ። እጄ የጻፈው ስለ ሽማግሌውና ስለ ዳቦው ነው። የጻፍኩት ታሪክ እውነት ነው፤ የጻፍኩበት ምክንያት ግን ውሸት ነው። እርስዎን በእግዚአብሔር እንዲታመኑ የመከርኩት እኔ የሠራሁትን እንዳያዩብኝ ነው። ከዚህ የከፋ ኃጢአት አላውቅም።

ሙሉአለም የለችም። ጥር 29 ቀን በወባ ሞተች፤ ልጁም በሆዷ ነበር። መድኃኒቱ አልቆ ነበር። የቀበርናት እኔና ሦስት ሰዎች ነን፤ ቄስ አልነበረም፣ የማስታውሰውን እኔው ደገምኩላት። ከዚያ ወዲህ ዳዊት ስገልጥ ዓይኔ ፊደሉን ያያል፣ ልቤ ግን አይከተለውም። ስሟን መጻፍ ስላቃተኝ ዘለልኳት። አንዴ ስሟን ከጻፍኩ ሁሉንም የምጽፍ መሰለኝ።

ይህን ወረቀት ለአሻግሬ ያሳዩት። እሱ ባለበት ጎታውን ይስበሩት፤ ይየውና ይመዝግብዎ። ወይም ኑርዬ ሐይቅ ያድርስዎት። ቤቱ ቢፈርስም ይፍረስ። እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን የምለው አፍ የለኝም። ይህን እስኪያነቡ በሕይወት ቆይተው ከሆነ ብቻ አንድ ነገር ይላኩልኝ፤ እርግማንም ቢሆን እቀበላለሁ።

ሙላት


አምባሰል
ነሐሴ 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙላት።

አለሁ። ይህን አስቀድሜ እንድታውቅ ብዬ ነው ሰላምታውን ያዘገየሁት። አሁን፣ እግዚአብሔር ሐዘንህን ያስረሳህ፤ እንደምን ሰነበትክ።

ዘይቱና ደብዳቤህን አጥሩ ሥር ተቀምጣ ብቻዋን አነበበችው። ተመልሳ ስትገባ ፊቷ ሌላ ስለሆነብኝ ሞቷል በይኝ፣ አትደብቂኝ አልኳት። ኧረ እሱ አለ፣ ጎታው ነው የሌለው አለችኝ። አልገባኝም። ከዚያ እንዳልካት አንድም ቃል ሳትዘል አነበበችልኝ። ሙሉአለም ላይ ስትደርስ አብረን አለቀስን። አውቄ ነበር፤ ግን ሰው የሚያውቀውንም ሲነግሩት ይደነግጣል። ስም አስቤለት ነበር። አሁን አልነግርህም።

አልዋሽህም፣ ረገምኩህ። ስምንት ወር ሙሉ ገለባ ስጠብቅ መኖሬን ሳስበው፣ ከዘይቱና ልጆች አፍ እየቀማሁ መኖሬን ሳስበው፣ በአባትህም በአያትህም አጥንት ረገምኩህ። ዘይቱና ይህንንም ልጻፍ ወይ ስትለኝ ጻፊው አልኳት።

በማግስቱ ኑርዬ አሻግሬንና ቄሱን ጠራ። ኑርዬ ምርጉን በመዶሻ መታው። ገለባው እንዳለ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አሻግሬ በእጁ ዛቅ አድርጎ አየው። እኔ ግን ሰፌድ አምጡልኝ አልኩ። የጤፍ ገለባ ምንም ቢያበጥሩት ጥቂት ፍሬ አይጠፋውም፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ጣሳ ሳናወጣ አንቀርም ብዬ ነው። እኔ ተቀምጬ፣ ዘይቱና ቆማ፣ እስከ እኩለ ቀን አበጠርነው። አንድ ፍሬ አጣንበት። ለምልክት እንኳ የለም። ዘይቱና ሰፌዱን አስቀመጠችና፣ እነዚህ ሰዎች ይህን ስንት ጊዜ ቢያበጥሩት ነው አለች።

ያን ጊዜ ቁጣዬ ወረደ። እናንተ ሁለታችሁ እዚህ ወለል ላይ ተቀምጣችሁ፣ እሷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ከገለባ ውስጥ ፍሬ ስትለቅሙ ታየኝ። እኔ ደግሞ በዚያው ክረምት ከአጥሩ ማዶ ነበርኩ። ያኔ እኔ ቤት ገና ትንሽ ማሽላ ነበረኝ። ራበን ብትሉኝ ኖሮ አካፍላችሁ ነበር። አላላችሁም፣ እኔም አልጠየቅኋችሁም። የሙላት ጎታ ሙሉ ነው ብዬ። በዚህ እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ አንተ ብቻ አይደለህም።

አሻግሬ ቁጭ ብሎ ስሜን መዘገበ። ስንዴና ዘይት ተሰጠኝ፤ የእግሬም እብጠት እየጎደለልኝ ነው። ገለባውን ለኑርዬ በሬ ሰጠነው። እሱን በልቶ እንደገና ጉልበት አገኘና፣ ከእርዳታው በታደለው ዘር ማሳህ ተዘራ። ዘግይቷል፤ ቢበቅልም ባይበቅልም በእግዚአብሔር እጅ ነው። ቄሱ ለሙሉአለም ጸሎት አድርሰውላታል።

አሁን ስማኝ። አፍ የለኝም ያልከውን ተወው። የጻፍክልኝ ስብከት ውሸት አልነበረም። እኔ በሱ ነው የኖርኩት። ሰኔን ሙሉ የማየው ነገር ሳይኖር ነው ያደርኩት፣ የኔታህ እንዳሉት። የመገበኝም እግዚአብሔር ነው፤ በዘይቱና እጅ። ጎታው መገበኝ ብዬ እንዳልል ደግሞ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የጻፍከውን ያላመንከው አንተ ነህ እንጂ። ብታምንበት ኖሮ በመጀመሪያው ደብዳቤህ እትዬ ዘሩን በልቻለሁ ትለኝ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል ብለህ አትፈራም ነበር። ይህን ለወቀሳ አልልህም። ብቻህን እንደሆንክ አውቃለሁ። እኔም ብቻዬን ነኝ፤ ማታ ማታ የማወራው ሰው የለኝም።

ይቅር ብዬሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜሃለሁ። ሁለተኛ ስለ እግዚአብሔር አትጻፍልኝ። ምን እንደበላህ ጻፍልኝ። ልብስህን ማን እንደሚያጥብልህ፣ ወባው አንተንም ይዞህ እንደሆነ፣ ሙሉአለም የተቀበረችበት ቦታ ዛፍ ያለበት እንደሆነና እንዳልሆነ ጻፍልኝ። ክፉውንም ሳትዘል ጻፈው፤ ዘይቱና ታነብልኛለች፣ እኔም እችለዋለሁ። እግዚአብሔርን እዚሁ ተቀምጬ አገኘዋለሁ። አንተን የማገኝህ ግን በዚህች ወረቀት ብቻ ነው።

እናትህም እህትህም
አሰገደች